ለባዮሎጂ የተለቀቀ ቦታ

በፈተናው ሳምንት ኮምቦልቻ ውስጥ ለቅሶ አይቀመጡም። ሰው ከሞተ ይቀበራል፤ ድንኳኑ ግን የሚተከለው ተማሪዎቹ ተፈትነው ከጨረሱ በኋላ ነው። የሟች ፎቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤት አውርዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አንድ ዓይነት ማሳሰቢያ ያሰማሉ፦ ልጆቻችን ቦታ ለቀዋልና ስለ ሞት፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ አደጋ በፊታቸው አታውሩ። ባጃጅ ነጂዎች ተማሪ ሲሳፈር ዜናውን ይዘጋሉ።

ቦታ የለቀቁትን ልጆች መለየት አያስቸግርም። ሸክም የወረደለት ሰው ፊት አላቸው። በአስፋልቱ ዳር ተቃቅፈው እየሄዱ ስለ ሴል ክፍፍል ይከራከራሉ፤ በሆነው ባልሆነው ይስቃሉ። ተቀባዮቹን መለየትም አያስቸግርም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በታክሲ ሰልፍ፣ በወፍጮ ቤት፣ በባንክ መስኮት ፊት የቆሙ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸው የሰጧቸውን ነገር እንዳይረሱት ለራሳቸው ያነበንባሉ። ምን እንደሚያነበንቡ መጠየቅ ነውር ነው።

ሕጉ በመሣሪያ መቅዳትን ይከለክላል። ከዓመታት በፊት የልጆች ትዝታ ገበያ ላይ ወጥቶ ተገኘና ከዚያ ወዲህ የተለቀቀ ነገር የሚቀመጠው ሰው ዘንድ ብቻ ሆነ። ልጁ ትዝታውን ይናገራል፤ ተቀባዩ ይሰማል፤ ትዝታው በለቀቀው ቦታ የትምህርቱ ምዕራፎች ይገባሉ። ከፈተናው በኋላ ተቀባዩ መልሶ ይናገራል። ልጁ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው ተቀባዩ የነገረውን ነው።

ይማም አራጋው እስከ ዘንድሮ ተቀባይ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሥራው የውሃ ቱቦ ማዳመጥ ነው። ረጅም የብረት ዘንግ አስፋልቱ ላይ ያቆምና ጫፉን ጆሮው ላይ ደግፎ ከመሬት በታች ውሃ የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጋል። ማሽን አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ይማምን የሚልከው ማሽኑ ሲበላሽ ነው፤ ማሽኑም መበላሸት አይታክተውም። ትምህርቱን ያቋረጠው ከስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቀውን ሁሉ ያወቀው በጆሮው ነው፤ ከሬዲዮ፣ ከመስጊድ፣ ሰኪና ጮክ ብላ ስታጠና ደግሞ ከመጋረጃው ማዶ ሆኖ።

ሰኪና አንድ ልጁ ናት። እናቷ ዘምዘም የሞተችው ልጅቱ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው፤ የልብ በሽተኛ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ይማም ብቻውን አሳደጋት። ትጉህ፣ ዝምተኛ ልጅ ሆና አደገች። ሰው ሁሉ ጨዋ ናት ይላታል። ይማም ግን ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይሰማው ነበር፤ ከሥር የሚሄድ፣ የማይቋረጥ ነገር። ምን እንደሆነ ፈልጎ አላገኘውም። እናት የሌላት ልጅ ድምፅ እንዲህ ይሆናል ብሎ ተወው።

የጤና ኮሌጅ መግባት ትፈልጋለች። ለዚያ የሚታየው የባዮሎጂ ውጤት ነው፤ በሙከራ ፈተናው ደግሞ የወደቀችው በባዮሎጂ ነው። ያላደረገችው ነገር የለም። የድሮ ፈተናዎችን እየደጋገመች ሠራች። የልብን ሥዕል ሥላ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጠፈች፣ የኩላሊትን መታጠቢያ ቤቱ ላይ፤ ይማም ጥርሱን ሲፍቅ ዓይኑ የሽንት ቱቦ ላይ ነበር። የእንዛይሞችን ስም በመንዙማ ዜማ እያደረገች ለመያዝ ሞከረች፤ ዜማው ተያዘ፣ ስሞቹ አልተያዙም። የባዮሎጂ መምህራቸው በመጨረሻዎቹ ቀናት አዲስ ነገር አይነበብም ብሏቸዋል፤ ሥዕል በቃላችሁ ሣሉ፣ እንቅልፍ ተኙ፣ የምታውቁትን ለማያውቅ ሰው አስረዱ። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ቦርሳውን እያነሣ፣ ቦታም ልቀቁ አለ። ያልለቀቀ ተማሪ ከለቀቀ ጋር መወዳደር አይችልም። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቀላል ነገር ቦታ አይለቅም። የጠፋ ጫማ፣ የተበላሸ ልደት ከነጭራሹ አይቆጠርም። ብዙ የሚያስገባው ከባድ ነገር ነው። የሰኪና ጓደኛ ትርሲት የአያቷን ቀብር ሰጥታ የዕፅዋትን ክፍል እንዳለ አስገብታለች። የሰጡትን ነገር ርዕሱን ያውቁታል፤ ውስጡን ግን አያውቁትም።

«አያቴ ነፍሷን ይማርና በሕይወቷም በሞቷም ለኔ እንደደከመች ናት» አለች ትርሲት፣ ቤታቸው መጥታ ከሰኪና ጋር ስታጠና። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ግን እድለኛ ነሽ። የምትሰጪው እናትሽ አለችልሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ይማም ከመጋረጃው ማዶ ሰማቸው፤ አልተቆጣም። ዘንድሮ እንዲህ ነው የሚወራው።

ሰኪና በመጀመሪያ ሌላ ተቀባይ ነበር የፈለገችው። የጎረቤታቸው የእትዬ ሙሚና እህት ደሴ አለች፤ እሷ ትቀበለኝ አለች። ይማም ከፋው። የገዛ እናቷን ሞት አባቷ ቆሞ ሳለ ለባዕድ ልትሰጥ ነው? እኔ ጆሮ የለኝም ወይ አላት። እሷም እንዳይደክም ብላ እንደሆነ፣ ሥራም እንዳለው ተናገረች። አልሰማትም። ሌላውን ሁሉ ሲሰማ የኖረ ሰው ያን ቀን የልጁን ድምፅ አላዳመጠም። አባትነቱን ነበር የሚያዳምጠው። በሦስተኛው ቀን ሰኪና እሺ አለች።

ቦታ የሚለቀቅበት የክለሳ ጣቢያ የቀድሞው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ወንበሮቹን ነቅለው በየቦታው ጠባብ ጠባብ ክፍሎች አቁመዋል። ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ደንቡን በቃሏ ነው የምትለው፣ ስትደጋግመው የኖረች ስለሆነ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ራሱ የተለመደ ነው። ለተቀባዮች እንዲህ ትላለች፦ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ሲመልሱ በልጅዎ አፍ ይናገሩ፤ «አንቺ» አይበሉ፣ «እኔ» ይበሉ። ከሁሉ በላይ ክፍተት አይተዉ፤ ክፍተት ካለ ጭንቅላት ያገኘውን ይሞላበታል፣ የሚያገኘውም ጥሩ ነገር አይደለም። አምና አንዱ አባት ግማሹን ረስቶት ልጁ እስካሁን በየመንገዱ ሰው እያስቆመ ይጠይቃል።

ይማም ማን እንደሚያጣራ ጠየቃት።

«ማንም» አለች። «የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። እሷ ራሷ አታውቀውም። አማና ነው እንግዲህ።»

ይህን ቃል ስትል ብቻ ቀና ብላ አየችው። ይማም አማና ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰው ያኖረብህን ነገር እንዳኖረው መመለስ ነው። በዚህ የሚጠረጠር ሰው አልነበረም፤ ሐጅ የሚሄዱ ጎረቤቶች የቤታቸውን ቁልፍ የሚተዉት እሱ ዘንድ ነው።

ከጠባቦቹ ክፍሎች በአንዷ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ሰኪና ትዝታውን አስለቅቆ ምዕራፎቹን የሚያስገባውን ቀጭን መቀነት ጭንቅላቷ ላይ አሰረች። ዓይኑን አላየችውም፤ የሸሚዙን ቁልፍ እያየች ጀመረች።

«ዝናብ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመጣ እማ ተኝታለች። ትተነፍሳለች፣ ግን እንደ ሮጠ ሰው ነው የምትተነፍሰው። ሂጂ ሙሚናን ጥሪልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። ፊልም እያየሁ ነበር። ጥንቸሏ ከጉድጓዱ ልትወጣ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሲያልቅ እሄዳለሁ አልኩ። ሲያልቅ ሌላ ጀመረ። እማ ሁለተኛ አልጠራችኝም። ድምፅዋ ሲጠፋ ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ፊልም አየሁ። ከዚያ አባ መጣ።»

ዓይኗን ከቁልፉ ሳታነሣ ቀጠለች።

«እትዬ ሙሚና ቤቷ ነበረች። ስታጥብ ይሰማኝ ነበር። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ይኸው ነው።»

የክፍሏ መብራት ተለወጠ፤ ዓይኗ ተከደነ። ምዕራፎቹ መግባት ጀመሩ። ይማም ተነሥቶ መውጣት ነበረበት፤ ሠራተኛዋ ትከሻውን እስክትነካው ድረስ አልተነሣም።

ሰኪና ስትወጣ ፊቷ ቀልሎ ነበር። አባ ርቦኛል አለችው። ወደ ቤት ሲሄዱ እሱ ቀደም ቀደም ይል ነበር። ጎን ለጎን መሄድ አልቻለም። ሙሚና ያለችው ከግድግዳው ማዶ ነው። አንድ ጩኸት ይበቃ ነበር። ዘምዘም ከነሕይወቷ ሐኪም ቤት ትደርስ ነበር፣ ምናልባት ዛሬም ትኖር ነበር። ይህን እያሰበ ሄዶ ሄዶ፣ ለአፍታ ያህል፣ ይህችን ልጅ ጠላት። ሰኪና ሮጣ ደረሰችበትና ክንዱን ያዘች። ምን ያስሮጥሃል፣ የሚያባርርህ አለ እንዴ ብላ ሳቀች። በምሽቱ የመግሪብ ሶላት ስንተኛው ዙር፣ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደደረሰ ጠፋበት።

በነጋታው ጥላቻው አልነበረም። በቦታው የስምንት ዓመት ልጅ መጣች። እናቷን ገድያለሁ ብላ እያሰበች ያደገች፣ ይህን ይዛ ሳህን ያጠበች፣ የሱን ሸሚዝ የተኮሰች፣ በዒድ ቀን አዲስ ልብስ ለብሳ ፎቶ የተነሣች ልጅ። ስንት ዓመት እዚሁ ቤት፣ ከመጋረጃው ማዶ። እሱ ደግሞ ጨዋ ናት ይላል።

አሁን ትዘፍናለች። እናቷ እንደሌለች ታውቃለች፤ እንዴት እንደሄደች የሚለው ቦታ ላይ ግን ባዮሎጂ ተቀምጧል። ስታጠና ትዘፍናለች፣ ምስር ስትለቅም ትዘፍናለች፣ በአጥሩ በኩል በሙሚና ላይ ታሾፋለች፤ ሙሚናም በፈተናው ሳምንት ደንብ መሠረት ዘምዘም ያልነበረች ይመስል መልሳ ታሾፋለች። ያ ከድምፅዋ ሥር ይሄድ የነበረ ነገር የለም። ይማም ጠዋትም ማታም አዳመጠ። የለም።

እሱ ግን ማነብነብ ነበረበት። ሥራ ላይ ዘንጉን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዝናብ ነበር ይላል። ከትምህርት ቤት ስመጣ እማ ተኝታለች። ጥንቸሏ ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ግዴታው ነው።

ሰኪና መምህሯ እንዳለው የምታውቀውን የምታስረዳው ለማያውቅ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው የማያውቅ ሰው ደግሞ እሱ ነው። ኩሽና በርጩማ ላይ ታስቀምጠውና ግድግዳው ላይ ባለው ልብ ፊት ቆማ ታስተምረዋለች። ደሙ በዚህ ገብቶ በዚህ ይወጣል፤ በሮቹ እነዚህ ናቸው፤ በር ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈተው። አሁን ጠይቀኝ ትለዋለች። ተማሪ የሆነ አባት መጠየቅ አለበት።

ይህን ግን መጠየቅ አልነበረበትም። ጠየቀ።

«አንድ ሰው በሩ ጠቦበት የቆየ ቢሆን» አለ፣ ሥዕሉን እያየ፤ «አንድ ቀን ትንፋሽ ቢያጥረው፣ እንደ ሮጠ ሰው ቢተነፍስ። ምን ማለት ነው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንደሱ ዓይነት ይመጣል» አለች ሰኪና። ደስ አላት። «ደሙ ወደ ልብ በደንብ ስለማይገባ ወደ ኋላ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይገባል።»

«ይሞታል?»

«ብቻውን ከተተወ ይሞታል። ሰው ቶሎ ከደረሰለት፣ ቀና አድርጎ ካስቀመጠው፣ ኦክስጅንና ፈሳሹን የሚያወጣ መድኃኒት ካገኘ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እዚህ ላይ ነጥብ የሚያሰጠው ጊዜ የሚለው ቃል ነው። ጊዜ ካልጻፍክ ይቀነስብሃል።» ጣቷን አነሣችበት። «ድገምልኝ እስቲ። ነጥብ የሚያሰጠው ምንድን ነው?»

«ጊዜ» አለ ይማም።

«ጎበዝ።»

ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ተስፋ አድርጎ ነበር። ምንም ቢደረግ የምትተርፍ አልነበረችም የሚል መልስ ቢያገኝ ትዝታውን እንዳለ ይመልስና ከላዩ ይህን ይነግራት ነበር። አሁን ያም የለም። መልሱን የሰጠችው ራሷ ናት፤ እሷው ናት የምታርመውም። የሰጠችውን ትዝታ እንዳለ ከመለሰላት፣ አንድ የማታውቀው ነገር ይጨመርባታል፦ ቀድሞ ጠርጥራ የነበረውን ከእንግዲህ አጥንታ ታውቀዋለች።

የሰፈሩ መስጊድ ኢማም ሼህ ወሌ ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት በኋላ ጥላው ሥር መቀመጥ ይወዳሉ። ይማም አጠገባቸው ተቀመጠና ስለ አንድ ሌላ ሰው እንደሚጠይቅ አድርጎ ጠየቃቸው። አማና የተቀበለ ሰው አለ፤ የተቀበለው ነገር ባለቤቱን የሚጎዳ ነው፤ ይህ ሰው ምን ያድርግ?

«ምንድን ነው፣ ቢላዋ ነው?» አሉ ሼሁ።

«እንደዚያ እንበል።»

«ለእብድ ቢላዋ አይመልሱለትም። የሰውዬው ልጅ አብዳለች?»

«አላበደችም።»

«እንግዲያማ የሷ ነው።» ፈገግ አሉ። «የሌላው ሰውዬ ልጅ ሴት መሆኗን እንዴት አወቅህ አትለኝም?»

ይማም አቀረቀረ። ሼህ ወሌ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። እሳቸውም ተቀባይ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው የሰጣቸው ቡድኑ በፍጹም ቅጣት ምት የተሸነፈበትን የኳስ ጨዋታ ነው፣ ኳሱን የሳተው እሱ ስለሆነ። በሰባ ዓመቴ የተጫዋች ስም አስጠናኝ ብለው አማረሩ፤ በንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሱራ ሲያነቡ መሐሉ ላይ ግብ ጠባቂው እየመጣ አስቸገራቸው። ከዚያ ቀልዱን ትተው ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ። አማናን ማጉደል ብቻ አይደለም ክህደት፤ የራስን መጨመርም ክህደት ነው። የሰው ነገር ላይ የጨመርከው ደግነት ቢሆንም የጨመርከው አንተ ነህ። ይማም ሰማቸው። ትክክል እንደሆኑም አወቀ። አመስግኖ ተነሣ።

ፈተናው ማክሰኞ ነበር። ይማም ፈቃድ ወስዶ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ቆመ። ሁሉም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዲት እናት አጠገቡ ቆማ እያነበነበች ዕንባዋ ይወርድ ነበር፤ እንዳላየ ሆነ። ልጆቹ ሲወጡ ይጯጯሁ ነበር። ሰኪና ከሩቅ አየችውና ቀስ ብላ መጣች፤ መጥታም ደረቱ ላይ ተደገፈች።

«ስለ ልብ መጣ» አለችው። «ያንተው ጥያቄ። ጊዜ የሚለውን ሁለት ቦታ ጻፍኩት።»

ትዝታው እስከሚመለስበት እስከ ሐሙስ ያሉትን ቀናት ተደሰተችባቸው። ይማም አብሯት ለመደሰት ሞከረ። ከሰኪና ጋር ገበያ ሄደ። ብርቱካን ስትመርጥ አያት። ልመልስ ብሎ ይወስናል፤ ከአፍታ በኋላ ስትዘፍን ይሰማታል። ዝም ብሎ ጥንቸሏን ብቻ ማውጣት ይቻል እንደሆነ አሰበ። አይቻልም፤ ክፍተት ይሆናል። እናቷ ሙሚናን ጥሪ ካለቻት፣ ሙሚና ካልመጣች፣ መሐሉ ላይ አንድ ነገር መቀመጥ አለበት። የሆነ ሰው መቀመጥ አለበት።

አንድ እውነት ነበረችው። ያን ቀን ዘምዘም ደውላለታለች። እሱ ቦርከና ድልድይ አጠገብ ቱቦ እያዳመጠ ነበር፤ ሲያዳምጥ ስልኩን ይዘጋል፤ የመደወሏን ምልክት ያየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ስልኩን መዝጋቱ የሥራው ወግ ነበር። አዲሱን ትዝታ የሠራው ከዚያች ከተዘጋች ስልክ ተነሥቶ ነው። አንዴ ካሰበው በኋላ እንዴት በቀላሉ እንደተገጣጠመ ሲያይ ራሱን ፈራ። ሌሎቹ አባቶች የተሰጣቸውን ሲያነበንቡ እሱ አዲስ ማጥናት ጀመረ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጣቢያው በልቅሶ ተሞልቶ ነበር። በየክፍሉ ልጆች የሰጡትን እየተቀበሉ ነው። ሠራተኛዋ ደንቡን ደገመችለት፤ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። እሺ አለ። ሰኪና መቀነቱን አስራ ጉልበቷን ከጉልበቱ አገናኘች። ፈገግ እንዳለች ነበር። ብዙ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችው። ብዙ አይደለም አላት። ቢስሚላህ ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። በዚያ ላይ የአላህን ስም መጥራት አልቻለም።

«ዝናብ ነበር» አለ። «ከትምህርት ቤት ስመጣ እማ ተኝታለች። ትተነፍሳለች፣ ግን እንደ ሮጠ ሰው ነው የምትተነፍሰው። ሂጂ ሙሚናን ጥሪልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። ጫማዬን አደረግሁ። በሩ ላይ ስደርስ የእማ ስልክ ጠራ። አባ ነበር። እማ እንዳመማት፣ እትዬ ሙሚናን ልጠራ እንደሆነ ነገርኩት። አትውጪ፣ ዝናብ ነው፣ እኔ እየመጣሁ ነው አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ጠበቅሁት። እስኪመጣ ብዬ ፊልም አየሁ። ጥንቸሏ ከጉድጓዱ ልትወጣ ትንሽ ቀርቷት ነበር። የእማ ድምፅ ሲጠፋ ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ሦስት ፊልም አየሁ። ከዚያ አባ መጣ።»

ፈገግታዋ የቱ ቃል ላይ እንደጠፋ አላስተዋለም። ሲጨርስ እንደ ሌሎቹ አለቀሰች። ሠራተኛዋ መጥታ መቀነቱን ፈታችላት፤ ውሃ ሰጠቻት፤ ሁሉም ደህና ነው አለች። ይማም ልጁን ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ። ሰኪና ውሃውን እየጠጣች ነበር፤ ብርጭቆውን አላወረደችም።

ውጭ ፀሐይ ነበር። ትርሲት አስፋልቱን ተሻግራ ከእናቷ ጋር ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል፤ አያቷን ዛሬ ነው የቀበረችው። አባትና ልጅ የጣቢያው ደረጃ ላይ ቆሙ። ሰኪና ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ያን ቀን የት ነበርክ?» አለች። «የደወልክልኝ ከየት ነው?»

«ከቦርከና ድልድይ።»

«ሩቅ አይደለም።»

«ሩቅ አይደለም።»

«በእግርም ይደረሳል።»

«በእግርም ይደረሳል» አለ ይማም።

ወደ እሱ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው። «ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

ሁሉን ነገር አጥንቶ ነበር፤ ቃሉን፣ ትንፋሹን፣ ጫማውን። ይህን ጥያቄ አላጠናም። ሌላ ምክንያት ቢፈልግ ሳያገኝ አይቀርም ነበር። የዝናቡ ጎርፍ፣ የመኪናው መበላሸት፣ ማንም የሚያምነው ነገር። ነገር ግን ይቅር የምትለው ነገር ከሰጣት፣ ውላ አድራ ጥፋቱን እንደገና በራሷ ላይ መፈለግ ትጀምራለች።

«ሥራዬን ልጨርስ ብዬ ነው» አላት።

ሰኪና ማልቀሷን አቆመች።

«እኔ እኮ ልወጣ ነበር» አለች። «ጫማዬን አድርጌ ነበር።»

«አዎ። አድርገሽ ነበር።»

«ነጥብ የሚያሰጠው ምን እንደሆነ ነግሬህ ነበር» አለች። ዛሬ ትርሲት ቤት እንደምታድር ነገረችው። አላስፈቀደችም፤ ነገረችው። ደረጃውን ወርዳ ግራ ቀኝ አይታ ተሻገረች። ትርሲት እጆቿን ዘርግታ ተቀበለቻት፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ቆሙ፤ ሰኪና ፊቷን ወደዚህ አላዞረችም።

የአስር ሶላት ተጠራ። ይማም በአቅራቢያው ወዳለው መስጊድ ገባ፤ ታጥቦ ውዱእ አደረገ፤ ከሰጋጆቹ ሶፍ ገብቶ ቆመ። ሱጁድ ሲወርድ ምሕረት መለመን ፈለገ። ተውበት፣ ንስሐው፣ እንዴት እንደሚሆን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶ ያውቃል፤ ሰውዬው መጸጸት አለበት፤ ዳግመኛ ላለመሥራትም መቁረጥ አለበት። መጸጸቱንስ ተጸጽቷል። ሰኪና ነገ መጥታ እውነቱን ንገረኝ ብትለው ግን ምን እንደሚላት ያውቅ ነበር፤ ያንኑ ውሸት ይደግምላታል። ሰዉ ሁሉ ከሱጁድ ቀና ሲል እሱ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንዳደረገ፣ ምንም ሳይለምን ቆየ።